የጫጉላ ሰሞን በአርባ ምንጭ

የጫጉላ ሽርሽር በኢትዮጵያ ከተሞች የሠርግ ማሳረጊያ እየሆነ መጥቷል። ሠርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ ሲያበቃ ሙሽሮች ሻንጣቸውን ይዘው ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ከሚያውቃቸው ሰው ዘወር ይላሉ። ከአዲስ አበባ የሚነሱት ብዙውን ጊዜ ቢሾፍቱን፣ ሐዋሳን፣ ባሕር ዳርንና አርባ ምንጭን ይመርጣሉ። አቅሙ የፈቀደላቸው ወደ ዱባይ፣ ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ አውሮፓ ዋና ከተሞች ይበራሉ። ከአገር ውስጥ መዳረሻዎች መካከል አርባ ምንጭ የራሷ መልክ አላት። ሁለት ሐይቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ብሔራዊ ፓርክና ብርድ ልብስ የሚያስፈልግበት ደጋ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ይገኙባታል። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው ከጋሞ ተራሮች ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርደው ውሃ ነው። ውሃውን ከላይ እስከ ታች ተከትለው ያቀዱ ሙሽሮች በአጭር ቆይታ ብዙ ያያሉ፤ ያዩትንም ይረዱታል።

አዲስ ተጋቢዎችን ለብቻቸው የማቆየት ልማድ ከሎጅና ከአውሮፕላን በፊት የነበረ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ገጠር ለሙሽሮች ጫጉላ ቤት ይሠራላቸው ነበር። ሙሽሪት ከሰው ዓይን ተከልላ ትሰነብታለች፤ ሚዜዎች ምግቡንና መጠጡን ያቀርባሉ፤ ሙሽራውም ከእርሻ ሥራ አርፎ ይቆያል። የማይተዋወቁ ሁለት ወጣቶች በቤተሰብ ስምምነት በሚጋቡበት ዘመን ይህ ጊዜ የመተዋወቂያ ጊዜም ነበር። በጋሞ ደጋ በዶርዜዎች ዘንድ ደግሞ በቤተሰቡ ግቢ፣ ከትልቁ ቤት አጠገብ፣ አዲስ ተጋቢዎች የሚቆዩበት አነስ ያለ የቀርከሃ ቤት ይሠራል። ሙሽሪት ዕረፍቷን ስትጨርስ፣ በተለይ በመስቀል ሰሞን፣ አዲስ ልብስ ለብሳ፣ ቅቤ ተቀብታና አጊጣ ወደ ገበያ አደባባይ ትወጣለች። ሶፌ በሚባለው በዚህ ሥርዓት ኅብረተሰቡ አዲሱን ትዳር በይፋ ይቀበላል።

በአውሮፓ የጫጉላ ጉዞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብሪታንያ ባለጸጎች ዘንድ ሲጀመር፣ ሙሽሮቹ በሠርጉ ላይ ያልተገኙ ዘመዶቻቸውን እየዞሩ የሚጠይቁበት ነበር። ዘመድና ወዳጅ አብሯቸው የሚጓዝበትም ጊዜ ነበር። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ግን ጉዞው ወደ ፓሪስ፣ ወደ ቬኒስና ወደ ሮም ዞረ፤ ሙሽሮቹም ብቻቸውን መሄድ ጀመሩ። በኢትዮጵያም ነገሩ ያደገው ከመንገድና ከአገር ውስጥ በረራ ጋር ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ ከቦሌ የተነሡ ሙሽሮች ምሳቸውን የጫሞ ሐይቅን ቁልቁል እያዩ ሊበሉ ይችላሉ።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ሥር ትገኛለች። ከበስተ ምዕራቧ የጋሞ ደጋ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ከበስተ ምሥራቋ መሬቱ ወደ ዓባያና ወደ ጫሞ ሐይቆች ይወርዳል። ከተማዋ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዞኑ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በደጋው ላይ የምትገኘው ጨንቻ ነበረች፤ አስተዳደሩ ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ነው። ዕድሜዋ ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም ስለማይበልጥ በከተማዋ ውስጥ ጥንታዊ ሕንጻ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የአካባቢው ጥንታዊነት ያለው በደጋው፣ በዶርዜና በጨንቻ መንደሮች ነው።

ከተማዋ ሁለት ክፍል አላት። ሴቻ በከፍታው ላይ ያለችው ናት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያዩ ሆቴሎች እዚያ ይገኛሉ። ሲቀላ ከታች፣ ሜዳው ላይ ነች፤ ገበያውና የአውቶቡስ መናኸሪያው ያሉት እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ አለ፤ ባጃጅ ያለማቋረጥ ይመላለስበታል። የኩልፎ ወንዝም ከደጋው ወርዶ በከተማዋ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ በደኑ ውስጥ አቋርጦ ወደ ጫሞ ይገባል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተከፈተውና በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለከተማዋ ወጣት መልክ ሰጥቷታል። ውሃ በሚወርድባት ከተማ የውሃ ትምህርት መጀመሩ ተገቢ ቦታውን ያገኘ ውሳኔ ነበር።

ከጉዞው በፊት መታየት ያለበት የመጀመሪያው ነገር ወቅት ነው። የሠርግ ወራት በአብዛኛው የሚወሰኑት በጾምና በበዓል ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ጥር ዋነኛው የሠርግ ወር ነው፤ ዓቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀመራል። በአርባ ምንጭ ጥር በጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የዶርዜ መንገድ ይደርቃል፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ላይ ሣሩ ደርቆ እንስሳቱ ከሩቅ ይታያሉ። የካቲትና መጋቢት ሲደርሱ ሙቀቱ ይከብዳል፤ በቀን ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ለአካባቢው ዋናው የዝናብ ወቅት ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ በብዛት ይዘንባል። የአዲስ አበባ ሰው ክረምት የሚለው ሐምሌና ነሐሴ በአርባ ምንጭ ይህን ያህል አይከብድም። ሁለተኛው ዝናብ የሚመጣው በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ነው። ስለዚህ የፋሲካ ማግሥት ሙሽሮች ለምለም ምድርና የሞሉ ወንዞች ያገኛሉ፤ ነገር ግን ወደ ፓርኩ ሜዳ የሚወስደው ሻካራ መንገድ በጭቃ ሊዘጋ ስለሚችል ተለዋጭ ዕቅድ መያዝ አለባቸው። የጥር ሙሽሮች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ዋናው ሥጋታቸው ክፍል ማጣት ነው። በጥር ብዙ ሠርግ ስለሚደገስ ክፍሉን ሠርጉ ገና ሲቆረጥ መያዝ ይበጃል።

ወደ አርባ ምንጭ በሁለት መንገድ ይደረሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ የሚያደርገው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ሲል የዓባያ ቀይ ውሃና የሙዝ እርሻዎቹ በመስኮት ይታያሉ። በመኪና የሚሄዱት አንድም በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ፣ አንድም በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ዞረው በሶዶ በኩል ይገባሉ። ርቀቱ እንደ መንገዱ ምርጫ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሦስት ቀን ብቻ ያላቸው ሙሽሮች በመኪና ሄደው በመኪና ቢመለሱ ከጊዜያቸው አብዛኛውን መንገድ ይበላባቸዋል። ለእነሱ አውሮፕላኑ ይሻላል። አምስት ቀን ያላቸው ግን በመኪና ሲሄዱ ከሶዶ በኋላ ያለውን የ120 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ያገኛሉ። በግራ ዓባያ፣ በቀኝ የጋሞ ተራሮች፣ በመንገዱ ዳር የሙዝና የማንጎ ማሳዎች የሚታዩበት ጉዞ ነው። የጉዞው ሁኔታና የጸጥታው ነገር ስለሚለዋወጥ ከመነሣት በፊት መንገዱን ሰሞኑን ከተጓዙበት ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማደሪያን በተመለከተ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ቦታው ነው። በሴቻ በኩል በገደሉ ጫፍ ላይ የተሠሩ ማደሪያዎች ሁለቱንም ሐይቆችና ከታች ያለውን ደን በአንድ ዕይታ ያሳያሉ። በዚህ ቦታ ቀድሞ የታወቀው የበቀለ ሞላ ሆቴል ነው። አቶ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆው መስመር ላይ ተከታታይ ሆቴሎችን በመሥራት የኢትዮጵያን የመንገድ ዳር መስተንግዶ ካስጀመሩ ሰዎች አንዱ ናቸው። ከእሱ በኋላ ፓራዳይዝ ሎጅ፣ ኋላም የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርት በአርባ ምንጭ ተከፍተዋል። በሲቀላ በኩል ዋጋቸው ቀለል ያሉ ማደሪያዎች አሉ፤ ገበያውና ዓሣ ቤቱ በእግር ይደረስባቸዋል፣ የሐይቆቹ ዕይታ ግን የለም። ክፍል የሚይዝ ሰው መስኮቱ ወደ የት እንደሚያይ፣ አልጋው አጎበር እንዳለውና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን አስቀድሞ ቢጠይቅ ኋላ አይጸጸትም። የኢትዮጵያ ሆቴሎች ለሙሽሮች አልጋ በአበባ ማስጌጥ፣ ኬክ ማቅረብና የመሳሰለውን ያደርጋሉ፤ ሙሽሮች መሆናቸው ግን በስልክ ቀድሞ መነገር አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ለዚሁ ዕይታ ቢሰጥ ይገባል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚነበብበት ካርታ ከዚያ ገደል ላይ ተዘርግቶ ይታያል። በስተሰሜን ያለው ዓባያ ነው። ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ፣ በአገሪቱም ከጣና ቀጥሎ ሁለተኛው ሲሆን፣ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቪቶርዮ ቦቴጎ የተባለው ጣሊያናዊ አሳሽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአገሩ ንግሥት ስም ማርገሪታ ብሎት ስለነበር በድሮ ካርታዎች ላይ በዚህ ስም ይገኛል። በስተደቡብ ያለው ጫሞ አነስ ይላል። ዓባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያደላል። የልዩነቱ ምክንያት አፈር ነው። እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ከተራቆቱ ደጋዎች የሚያመጡት ደቃቅ ቀይ አፈር በዓባያ ውሃ ውስጥ ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ይኖራል። ስለዚህ ዓይንን የሚስበው ቀለም በላይ በኩል ያለ እርሻ አፈሩን እያጣ መሆኑንም ይናገራል።

በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው ጠባብ ኮረብታማ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። ሐይቆቹ ጎን ለጎን ቢሆኑም እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም፤ የዓባያ ወለል ከጫሞ በ60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከገደሉ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ አይለየውም፤ አንዱ ሐይቅ ከሌላው በላይ መቀመጡን ካወቀ በኋላ ግን ድልድዩን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስለምትጠልቅ ሐይቆቹ ላይ ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ከኋላ የሚያበራ ነው፤ ለፎቶግራፍ የሚመረጠውም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

የሁለተኛው ቀን ጠዋት ለጫሞ ነው። የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ አዞዎች በብዛት ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቦታው የአዞ ገበያ ይባላል። የጫሞ አዞዎች በአፍሪካ ካሉት በግዝፈታቸው የሚታወቁ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። አዞ የራሱን የሰውነት ሙቀት ማመንጨት ስለማይችል ሌሊት የቀዘቀዘ አካሉን በጠዋት ፀሐይ ማሞቅ አለበት፤ አፉን ከፍቶ መተኛቱም ሲበዛበት ሙቀቱን የሚያስወጣበት ዘዴ ነው። ጉማሬዎች፣ ፔሊካኖችና አሞራዎችም በዚያው ይታያሉ። ጀልባ የሚከራየው በሙሉ ስለሆነ ሁለት ሰው ብቻውን ቢሄድ ይወደድበታል፤ ወጪ ለመቀነስ የሚፈልጉ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ይጋራሉ። ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ ጠዋት መውጣት ይመረጣል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ መሳፈር አይገባም። አንዳንድ ቀዛፊዎች ደንበኛ ለማስደሰት ወደ አዞ ወይም ወደ ጉማሬ ይቀርባሉ፤ ከሁለቱ ይልቅ ጉማሬ ለጀልባ አደገኛ ነው፣ በተለይም ግልገል ካላት እናት ጋር። ሙሽሮች ራቅ በል የማለት ሙሉ መብት አላቸው። በሁለቱም ሐይቆች መዋኘት አይቻልም፤ አዞ ከሚያጠቃቸው ሰዎች መካከል መረብ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆች ይገኙበታል። በዓባያ ዳር ያለው የአዞ እርባታ ጣቢያ፣ ከሐይቁ የተሰበሰቡ እንቁላሎችና ጫጩቶች ለቆዳቸው የሚያድጉበት ሲሆን፣ አዞን በየዕድሜው በቅርብ ለማየት ለፈለገ አጭር ጉብኝት ይሆናል።

ከጀልባው በኋላ የሚመጣው ደኑ ነው። ከገደሉ ሥር፣ በከተማዋና በሐይቆቹ መካከል የተዘረጋው ይህ ደን በዝናብ ብቻ አልለመለመም። ከጋሞ ደጋ በድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚወርደው ውሃ ከገደሉ ሥር ሲደርስ በየቦታው ይፈልቃል፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ምንጮች ነው። የምድር ውሃው ቅርብ በመሆኑ የሾላና ሌሎች ትልልቅ ዛፎች በበጋም ቅጠላቸው አይጠፋም። ጉሬዛዎች ከላይ ይዘላሉ፤ ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች በመንገዱ ዳር ይቀመጣሉ። የከተማዋ የመጠጥ ውሃም ከእነዚሁ ምንጮች ይሳባል። ስለዚህ ደኑ ለአርባ ምንጭ ሰው የመዝናኛ ስፍራ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ለማገዶ ሲቆረጥና ደጋው ሲራቆት የሚነካው በቧንቧ የሚወርደው ውሃ ነው። ወደ ምንጮቹ በእግር ከአስጎብኚ ጋር መውረድ ይቻላል፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከጉብኝቱ ሁሉ በጸጥታውና በቅዝቃዜው የሚበልጠው ይህ የእግር መንገድ ነው፤ ብዙ ሙሽሮች ግን አዞውን አይተው ሳያዩት ይመለሳሉ። ሊታዘንለት የሚገባ ነገር ነው።

ደኑ፣ የእግዜር ድልድይ፣ የሐይቆቹ ከፊልና ከድልድዩ ወዲያ ያለው ነጭ ሜዳ አንድ ላይ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን ይሠራሉ። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በሜዳው ላይ የሜዳ አህያ መንጋና የግራንት የሜዳ ፍየል ይታያሉ፤ በቁጥቋጦው ውስጥ አጋዘን ይኖራል። ፓርኩ ሲቋቋም ዋና ዓላማው የነበረው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የስዋይን ቆርኬ ግን በነጭ ሳር እጅግ ተመናምኗል፤ ግጦሽ፣ እርሻና አደን ቦታውን አጥበውበታል። ለወፍ ወዳጆች ደግሞ ይህ ሜዳ በዓለም የታወቀበት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች በሜዳው መንገድ ላይ በመኪና የተገጨች በሌሊት ነፍሳትን የምታድን የአንዲት ወፍ ክንፍ አነሡ። ከክንፉ በቀር ሌላ አካሏ ሊቆይ አልቻለም። በዚያ ክንፍ ብቻ ተመሥርተው ከዚያ በፊት ሳይንስ የማያውቃት ዝርያ መሆኗን በ1995 አስታወቁ፤ የነጭ ሳር ስምም ተሰጣት። ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ስለሆነ ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና ይጠይቃል፤ ማለዳ ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው በሲቀላ ጫፍ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው።

የአርባ ምንጭ ምግብ ዓሣ ነው። ከጫሞ የሚወጣው ናይል ፐርች ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሊሆን ይችላል፤ ቆሮሶና አምባዛም አሉ። በከተማዋ ዓሣ ቤቶች ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ኮተሌቱና ለብለቡ ይቀርባሉ። ሙሉ ዓሣ ተጠብሶ በትሪ ሲመጣ ከዳጣ ጋር ነው። ዳጣ በቃሪያ ወይም በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሌሎች ቅመሞች የሚዘጋጅ የጋሞ ማባያ ነው፤ ማቃጠሉ ላልለመደው ሰው ይበረታል። ናይል ፐርች በመረብ ብዛት የተነሣ እየቀነሰና እያነሰ መጥቷል፤ ገና ያልበሰለ ትንሽ ዓሣ አለመግዛት ተመጋቢው ሊያደርግ የሚችለው ቀላሉ ነገር ነው። ከዓሣው ሌላ ሽፈራው አለ። በየግቢው የሚተከለው ይህ ዛፍ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከበቆሎ ዱቄት ከተጠቀለለ ኩርኩፋ ጋር ይበላል። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ አያቀርቡትም፤ ለሚጠይቅ ግን ይሠራሉ።

ሦስተኛው ቀን የደጋው ነው። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ወጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፈው የጨንቻ መንገድ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከሙዝ ማሳ ወደ እንሰትና ቀርከሃ ያወጣል። ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ከታች በቲሸርት የተነሣ ሰው እዚያ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት የሚጎነጎን ሲሆን፣ በእንሰት ቅጠልና በሣር ይከደናል። ፊት ለፊት ጎላ ብሎ የሚወጣው መግቢያና ከላዩ ያሉት ሁለት የአየር ቀዳዳዎች የዝሆን ፊት ያስመስሉታል፤ ዝሆን ቀድሞ በአካባቢው ይኖር እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ክፍል እየቆረጡ ዝቅ ያደርጉታል፤ ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ በቁመቱ ይታወቃል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሙሉውን ቤት አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረውም ይችላል። ከቤቱ ውስጥ አንዱ ጎን ለከብት የተከፈለ ነው፤ የከብቶቹ ትንፋሽ ሌሊት ቤቱን ያሞቀዋል።

በግቢው ሴቶች ከእንሰት ቆጮ ሲያዘጋጁ ማየት ይቻላል። ግንዱን በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ የተፋቀውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላሉታል። ከዚያ በስሱ ጋግረው ከማርና ከዳጣ ጋር ያቀርባሉ። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ድርቅ ሲመጣ ግን ማሳው ላይ እንደቆመ የሚጠብቅ ምግብ ነው። ደጋው ይህን ያህል ሕዝብ ለዘመናት መሸከም የቻለው ስለ እንሰት ነው።

ለኢትዮጵያውያን ሙሽሮች ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚቀርባቸው ሽመናው ነው። በጋሞ ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። ጥጡ ከቆላው ይወጣል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ሸማኔውም በጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ በመወርወሪያ ማጉን ያመላልሳል። ከዚህ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፍረው የከተማዋን የሀገር ልብስ ሲያመርቱ ኖረዋል። ሙሽሪት በመልሷ ዕለት የለበሰችው ቀሚስ ጥበቡን የጣለው የጋሞ ሸማኔ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሙሽሮች ወደ ዶርዜ መውጣት ልብሳቸው ወደ ተጀመረበት ቦታ መሄድ ነው። በመንደሩ የሚሸጠው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የተዋሐዱበት ዱንጉዛ የጋሞ መለያ ልብስ ነው። ወፍራሙ ቡልኮ ደግሞ ለአዲስ አበባ ክረምት ይሆናል፤ ለጎጆ መውጫ ስጦታም የሚመጥን ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ውፍረቱ ስለማይመጣጠን ሲዳሰስ ይታወቃል። ዋጋ መከራከር የተለመደ ቢሆንም፣ አንድ ጋቢ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ በዓይን ካዩ በኋላ ብዙ መከራከር አይገባም።

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል፤ የደጋውን ቀን ከእነዚህ በአንዱ ላይ ማድረግ ይመከራል። በጨንቻ ገበያ ቅቤ፣ ማር፣ ጥጥ፣ ቀርከሃና የጨንቻ ፖም ይሸጣል። ፖም በሚሲዮናውያን በኩል ገብቶ በደጋው ብርድ ተስማምቶት ለብዙ ገበሬ የገቢ ምንጭ ሆኗል። በዓላቱን የሚወዱ ሙሽሮች በመስከረም የሚከበረውን ዮ ማስቃላን ቢጠብቁ የዶርዜዎችን በብዙ ድምፅ የሚዜም ዘፈን በቦታው ይሰማሉ። ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት መጠየቅ፣ ወደ ግቢ ሲገቡ በአስጎብኚ በኩል ማስፈቀድ፣ ሽማግሌ ሲያልፍ ተነሥቶ ማሳለፍ የእንግዳ ወግ ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ተቀምጠው ጉዳይ ይፈታሉ፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ እርጥብ ሣር ይዘው በጉልበታቸው ተንበርክከው ያቆሙት እነሱ ናቸው። አገሩ ያን ቀን በምስል አይቷቸዋል፤ ሙሽሮች በመንደሩ ሲያልፉ የሚያገኟቸው እነዚያን መሰል አባቶች ናቸው።

ወጪው በሦስት ነገር ይወሰናል፤ በትራንስፖርት፣ በማደሪያና በመኪና ኪራይ። ለነጭ ሳር ሜዳና ለዶርዜ መኪና ያስፈልጋል፤ በከተማው ውስጥ ባጃጅ ይበቃል። ገንዘብ ለመቆጠብ የግድ ከሆነ ከሜዳው ጉዞ መቀነስ ከደጋው ከመቀነስ ይሻላል። በመኪና የሚመለሱት በላንቴና በጫኖ በኩል ሲያልፉ በመንገዱ ዳር ሙዝና ማንጎ ይገዛሉ፤ ለቤተሰብ የሚወሰደው ስጦታ ይኸው ነው።

የጤናው ነገር ግን ከጉዞው በፊትም በኋላም መታሰብ አለበት። አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነች ወባ አለባት። ምሽት ላይ እጅጌና እግር የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ ሌሊት አጎበር ውስጥ መተኛት፣ ስለ መከላከያ መድኃኒት ከመነሣት በፊት ሐኪም ማነጋገር ያስፈልጋል። ሙሽሪት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወባ በእሷም በፅንሱም ላይ ስለሚከፋ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። የወባ ምልክት በተነከሱበት ቀን አይታይም፤ ከሳምንት በኋላ ጀምሮ፣ አንዳንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም ይነሣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት የተሰማው ሰው የሠርግ ድካም ነው ብሎ ሳያልፈው፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ማስመርመርና ከአርባ ምንጭ መመለሱን ለሐኪሙ መንገር አለበት።